ለሃያ ስድስት ፊደላት የተጻፈ ትምህርት፤ በአንድ የታይፖግራፊ መጽሐፍ ላይ የቀረበ ሂስ

የግራፊክ ዲዛይን ትምህርት የጀመረ ተማሪ ከሥዕልና ከቀለም ቀጥሎ የሚገጥመው ትምህርት ታይፖግራፊ የሚባለው ነው። ታይፖግራፊ ፊደልን ለኅትመት የማደራጀት ጥበብ ሲሆን፣ የፊደሉን ቅርጽ መምረጥን፣ መጠኑን መወሰንን፣ በፊደልና በፊደል፣ በቃልና በቃል፣ በመሥመርና በመሥመር መካከል የሚተወውን ባዶ ቦታ ማመዛዘንን፣ በመጨረሻም ጽሑፉን በገጹ ላይ ማስቀመጥን ያጠቃልላል። ጀማሪው ይህን ሁሉ በአብዛኛው የሚማረው ከመጽሐፍ ነው፤ መጻሕፍቱም ከሞላ ጎደል ሁሉም የተጻፉት በላቲን ፊደል ለሚጽፉ አገሮች ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ ከነዚህ መጻሕፍት አንዱን መርጠን፣ በአማርኛ ለሚሠራ ተማሪ ምን ያህል እንደሚያገለግለውና የት ላይ እንደሚያጐድልበት ለመመርመር እንሞክራለን።

የመረጥነው መጽሐፍ አሜሪካዊቷ ኤለን ላፕተን የጻፉት «ቲንኪንግ ዊዝ ታይፕ» ነው፤ ትርጓሜውም «በፊደል ማሰብ» እንደ ማለት ይሆናል። መጽሐፉ በ2004 ዓ.ም. ታተመ፤ በ2010 ተስፋፍቶ ለሁለተኛ ጊዜ ወጣ፤ ሦስተኛው እትም በ2024 ታትሟል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) እኛ የምንናገረው ስለ መጀመሪያዎቹ ሁለት እትሞች ነው። ይህን መጽሐፍ የመረጥነው መልካም መጽሐፍ በመሆኑ ነው፤ በደካማ መጽሐፍ ላይ የሚጻፍ ሂስ ለማንም አይጠቅምምና።

ጸሐፊዋ በኒው ዮርክ በኩፐር ሂዊት ሙዚየም የሠሩ፣ በባልቲሞርም በሜሪላንድ የሥነ ጥበብ ኮሌጅ ያስተማሩ ናቸው። የመምህርነታቸው ፍሬ በመጽሐፋቸው ላይ ይታያል። ትምህርቱን በሦስት ይከፍሉታል፤ አንደኛው ፊደል፣ ሁለተኛው ጽሑፍ፣ ሦስተኛው ገጽ የሚከፋፈልበት መረብ ነው። ከትንሹ ተነሥቶ ወደ ትልቁ የሚሄድ ይህ ሥርዓት ለጀማሪ እጅግ የተመቸ ነው። በየቦታውም «የታይፖግራፊ ወንጀል» እያሉ ተማሪ ሊርቀው የሚገባውን ስሕተት በምሳሌ ያሳያሉ። ንግግራቸው ግልጽ፣ ምሳሌያቸው ብዙ ነው። ስለ አደራረሱ የምናቀርበው ነቀፋ የለንም። ጥያቄያችን፣ ለ26 ፊደላት የተጻፈው ይህ ትምህርት ለሌላ ፊደል ሲተላለፍ ከመንገድ ላይ ምን ይቀራል የሚል ነው።

ከመጀመሪያው ክፍል እንነሣ። ተማሪው እዚህ የላቲንን ፊደል ብልቶች ስም ያጠናል። ፊደላቱ የሚቀመጡበትን መሥመር፣ በ«ኤክስ» ፊደል የሚለካውን የትንንሾቹን ፊደላት ቁመት፣ ከዚያ በላይ የሚወጣውን አንገት፣ ከመሥመሩ በታች የሚወርደውን ጅራት፣ ሰሪፍ የሚባለውንም በጫፍ ላይ ያለ ጭረት ይለያል። ቀጥሎም ታሪኩን ያነባል፤ በ15ኛው ምዕተ ዓመት ጉተንበርግ የእጅ ጽሕፈትን አስመስሎ ካቀለጠው ፊደል ተነሥቶ፣ በባስከርቪልና በቦዶኒ በኩል አልፎ እስከ ሄልቬቲካ ይደርሳል። ይህን የጨረሰ የአማርኛ ተማሪ የባዕዱን ፊደል እያንዳንዱን ብልት በስሙ መጥራት ይችላል፤ ስለ ገዛ ፊደሉ ግን ከአንደኛ ደረጃ ተማሪ የበለጠ ዕውቀት የለውም።

የኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የሚባል ወገን የለውም። የግዕዝ ፊደል መነሻው እንደ ላቲኑ 26 ነው፤ ነገር ግን እያንዳንዱ በሰባት ስለሚረባ 182 ይሆናል። አማርኛ ሸን፣ ቸን፣ ኘን፣ ኸን፣ ዠን፣ ጀንና ጨን ጨምሮ መነሻውን 33 ስላደረሰው፣ ዲቃሎቹ ሳይቈጠሩ 231 ቅርጾች አሉን። ከቍጥሩም ይልቅ የሚበልጠው ነገር፣ እነዚህ ቅርጾች በቤተ ሰብ የተያያዙ መሆናቸው ነው። የ«በ»ን ረድፍ ብንወስድ፣ ካዕቡ «ቡ» በቀኝ ወገቡ ላይ ቅጥል አለው፤ ሣልሱ «ቢ» ያንኑ ቅጥል ወደ ቀኝ እግሩ ጫፍ ያወርደዋል፤ ራብዑ «ባ» ቀኝ እግሩን ያስረዝማል፤ ኃምሱ «ቤ» በእግሩ ላይ ቀለበት ያስራል፤ ሳብዑ «ቦ» የግራ እግሩን ያስረዝማል። ሳድሱ በየቤቱ የተለያየ ነው፤ «ሩ»፣ «ፉ»ና «ዩ»ን የመሳሰሉትም ከሥርዓቱ ወጣ ይላሉ። እንግዲህ በላቲን ፊደል አናባቢ ራሱን ችሎ የሚቆም ፊደል ሲሆን፣ በኛ ዘንድ አናባቢው የተሸከመው በአንዲት ትንሽ ጭረት ወይም በአንዲት ቀለበት ላይ ነው።

ይህ ለዲዛይን ተማሪ ተራ ነገር አይደለም። «ኪስ» እና «ኩስ» የሚለያዩት ጭረቷ ከእግር ጫፍ ወይም ከወገብ ላይ በመቀመጧ ብቻ ነው። «ላባ» እና «ሌባ» የሚለዩት በአንድ ቀለበት ነው። በርካሽ ወረቀት ላይ በትንሽ መጠን ስትታተም ያች ቀለበት በቀለም ትደፈናለች፤ ጭረቷም ከፍ ወይም ዝቅ ማለቷ አይለይም። የለመደ አንባቢ ከዐረፍተ ነገሩ መንፈስ አውቆ ያልፈዋል። ገና ፊደል በመቍጠር ላይ ያለ ሕፃን ግን የሚይዘው መንፈስ የለውም፤ የሚያየው ቅርጹን ብቻ ነው። ስለዚህም የመማሪያ መጽሐፍ የሚያዘጋጅ ዲዛይነር የቅጥልን ስፍራና የቀለበትን ስፋት ሳያጠና የሠራ እንደ ሆነ፣ ዕዳውን የሚከፍለው ሕፃኑ ነው።

ሌላም ምሳሌ አለ። ከላቲን መጽሐፍ ብቻ የተማረ ሰው የአማርኛ ፊደል ልንደፍ ብሎ ሲነሣ፣ ያጠናውን ሰሪፍ አምጥቶ በ«በ» እግሮች ጫፍ ላይ ይቀጥላል። በላቲኑ ፊደል ይህ ጭረት ድምፅ አይለውጥም፤ ጌጥና ማረፊያ ብቻ ነው። በኛ ፊደል ግን የቀኝ እግር ጫፍ የሣልስ ቦታ ነው፤ በዚያ የተቀመጠ ጌጥ «በ»ን ወደ «ቢ» ይስባታል። ስለዚህ በአንዱ ፊደል ከንባብ ነጻ የሆነው ስፍራ በሌላው የንባብ ቦታ ሆኖ ይገኛል። ይህን ልዩነት የሚያስተምር አንድም ገጽ በመጽሐፉ ውስጥ የለም፤ ለእንግሊዝኛ ተማሪ ስለ ተጻፈም ጸሐፊዋን በዚህ አንወቅስም። የሚወቀሰው ያንኑ ገጽ ሳይጨምር ሳይቀንስ ለአማርኛ ተማሪ የሚሰጠው አስተማሪ ነው።

ስለ ኢታሊክ የሚሰጠው ትምህርትም ይህንኑ ይመስላል። ላቲን ጽሑፍ አንድን ቃል ለይቶ ለማሳየት በኢታሊክ፣ ማለትም ከፈጣን የእጅ ጽሕፈት በተወለደና ራሱን የቻለ ቅርጽ ባለው ዘንበል ያለ ፊደል ይገለገላል። ላፕተን ቀጥ ያለውን ፊደል በኮምፒዩተር ገፍቶ ማጋደልን ሐሳዊ ኢታሊክ ብለው ከወንጀሎቹ ይቈጥሩታል፤ እውነታቸውንም ነው። እንግዲህ የአማርኛ ፊደል ከጥንት የወረሰው ኢታሊክ የለውም፤ በኮምፒዩተሩ ላይ የማጋደያውን ቁልፍ በተጫንን ቁጥር የሚወጣው ሁሉ ሐሳዊ ነው። በጸሐፊዋ ሕግ ብንዳኝ ወንጀለኞች ነን ማለት ነው! ታዲያ በምን እናድምቅ ለሚል የአገራችን ብራና መልስ አለው። የብራና ጸሐፊ የእግዚአብሔርንና የእመቤታችንን ስም፣ የቅዱሳንንም ስም፣ የምዕራፉንም መነሻ በቀይ ቀለም ይጽፍ ነበር። ዛሬም በቀለም፣ በፊደል ውፍረት፣ በመጠን፣ በትእምርተ ጥቅስ ለይቶ ማሳየት ይቻላል። ተማሪው ግን ይህን እንደ ትምህርት ስላላገኘው፣ ቁልፉ አለና ይጫነዋል።

ወደ ሁለተኛው ክፍል፣ ወደ ጽሑፍ እንለፍ። ላፕተን እንደሚያስረዱት አብዛኞቹ የገጽ ማቀናበሪያ ፕሮግራሞች የመሥመርን ርቀት በራሳቸው ሲወስኑ የፊደሉን መጠን 120 ከመቶ ይወስዳሉ፤ ፊደሉ 10 ነጥብ ቢሆን መሥመሩ 12 ነጥብ ይሆናል። ይህ ልክ ለላቲን የሚስማማበት ምክንያት ግልጽ ነው። በላቲን ጽሑፍ አብዛኞቹ ፊደላት ትንንሾቹ ስለ ሆኑ፣ አንገት ካላቸው ከጥቂቶቹ በቀር ከራሳቸው በላይ ባዶ ቦታ ይተዋሉ፤ ዓይንም በዚያ ባዶ ቦታ መሥመሩን ይለያል። የኛ ፊደላት ግን በአብዛኛው ሙሉ ቁመታቸውን ይዘው እንደ ተሰለፈ ወታደር ስለሚቆሙ፣ ያ ባዶ ቦታ የለም። በዚህም ምክንያት ለላቲን የበቃው ርቀት ለአማርኛ ጠባብ ይሆናል፤ ገጹም ይጠቁራል፤ አንባቢው መሥመር ጨርሶ ወደ ሚቀጥለው ሲመለስ ይስታል።

የመሥመር ርዝመትም እንዲሁ ነው። ካናዳ የሚኖሩት ሮበርት ብሪንግኸርስት በ1992 ባሳተሙትና በብዙ ትምህርት ቤቶች በሚነበበው መጽሐፋቸው፣ ለአንድ ዓምድ ገጽ ከ45 እስከ 75 ፊደላት መልካም እንደ ሆነ፣ 66ም የተመረጠ እንደ ሆነ ጽፈዋል። ተማሪዎች ይህን ቍጥር እንደ ጸሎት በቃላቸው ይይዙታል። ነገር ግን የላቲን አንድ ፊደል አንድ ድምፅ ሲይዝ፣ የኛ አንድ ፊደል ተነባቢና አናባቢን አጣምሮ ይይዛል። «ስለሚያስፈልጋቸውም» የሚለው ቃል በኛ 11 ፊደል ነው፤ በላቲን ቢጻፍ 20 ያህል ይፈጃል። ከዚያም በላይ ፊደላችን በስፋቱ ከላቲኑ ይበልጣል፤ «ሠ»ን፣ «ጠ»ንና «ሐ»ን ከ«ገ»ና ከ«ነ» ጋር ያስተያየ ሰው፣ ፊደላችን እርስ በርሱ እንኳ በስፋት ምን ያህል እንደሚራራቅ ይረዳል። ስለዚህ 66 የአማርኛ ፊደል በአንድ መሥመር ቢደረደር ከላቲኑ የረዘመ መሥመርና ከላቲኑ የከበደ ንባብ ይሆናል። ቍጥሩ በኛ ጽሑፍ ያልተፈተነ ስለ ሆነ፣ ሌላ ልክ በንባብ ፈትኖ ማግኘት የኛ ፈንታ ነው።

በጠባብ ዓምድ ላይ ደግሞ ሌላ ችግር ይመጣል። ጥንት በቃላት መካከል ሁለት ነጥብ ስለ ነበረ፣ ጸሐፊው መሥመሩ ባለቀበት ቃሉን ከየትኛውም ፊደል ላይ ቈርጦ ወደ ታች ያወርደው ነበር፤ አንባቢው ሁለት ነጥብ እስኪያይ ድረስ ቃሉ እንዳላለቀ ያውቃልና። ዛሬ ሁለት ነጥብ በአብዛኛው ቀርቶ ባዶ ቦታ ስለ ተተካ፣ ቃሉ ሳይቈረጥ በሙሉ እንዲወርድ ሆኗል። አማርኛም ቅድመ ቅጥያና ድኅረ ቅጥያ እየደራረበ ቃሉን ስለሚያስረዝም፣ ሁለቱ ጠርዞች እኩል እንዲሆኑ በተደረገ የጋዜጣ ዓምድ ላይ በቃላቱ መካከል ሰፋፊ ጉድጓዶች ይታያሉ። ላቲኑ ይህን በሰረዝ ቃል በመቍረጥ ያስታግሰዋል። እኛ ግን አሮጌውን መፍትሔ ትተን አዲሱን ሳንይዝ በመካከል ቆመናል። ቀኙን ጠርዝ ልቅ መተው ይሻል ይሆን? ወይስ በአንዳንድ ቦታ ሁለት ነጥብን መመለስ? ይህ ለአንድ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚበቃ ጥያቄ ነው።

ሦስተኛው ክፍል ስለ መረብ ነው። ብዙ ሰው የስዊዞች ግኝት አድርጎ የሚያስበውና በሚውለር ብሮክማን መጻሕፍት የታወቀው ይህ ትምህርት ለኛ ከሁሉ የራቀ ሊመስል ይችላል። እኛ ግን ከሁሉ የቀረበ ሆኖ አግኝተነዋል። የብራና ጸሐፊ ብዕሩን ከማንሣቱ በፊት በብራናው ጠርዝ ላይ በወስፌ ይበሳል፤ ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳም በደነዘ ብረት መሥመር ያሰምራል። ጽሑፉን አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ዓምድ፣ በትልልቅ መጻሕፍትም በሦስት ዓምድ ያሰፍራል፤ የታችኛውንም ኅዳግ ከላይኛው አስፍቶ ይተዋል። የምዕራፉ መነሻ በሐረግ ያጌጣል። ይህ በቃል ሲተላለፍ የኖረ መረብ ነው። የዲዛይን ተማሪ አንድ የብራና ገጽ ለክቶ ቢያጠና ከመጽሐፉ ሦስተኛ ክፍል የሚያገኘውን መሠረተ ሐሳብ ሁሉ ያገኛል፤ በተጨማሪም ለገዛ ፊደሉ ተስማምቶ የተሠራ ሆኖ ያየዋል።

ለመሆኑ ይህ ጕድለት ከየት መጣ? የኅትመታችን ታሪክ አንዳች ነገር ያመለክታል። በግዕዝ የታተመው የመጀመሪያው መጽሐፍ በ1513 በሮም የወጣው መዝሙረ ዳዊት ነው፤ ያሳተመውም የኮሎኙ ዮሐንስ ፖትከን ሲሆን፣ ቋንቋውን የተማረው በሮም ከነበሩ ኢትዮጵያውያን መነኰሳት ነበር፤ የቋንቋውንም ስም ከለዳዊ ብሎ ጠራው። በ1548 አባ ተስፋ ጽዮን አዲስ ኪዳንን በዚያው በሮም ማሳተም ሲጀምሩ፣ አታሚዎቹ ፊደሉን ማንበብ ስለማይችሉ፣ እርሳቸውና ጓደኞቻቸውም የኅትመት ሥራ ስለማያውቁ፣ ለተገኘው ስሕተት አንባቢን ይቅርታ ጠይቀዋል። እንግዲህ ከመነሻው ጀምሮ የሚያነበው ሰው አያትምም፤ የሚያትመው ሰው አያነብም። በ1921 ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በአዲስ አበባ ከተቋቋመ ወዲህ አንባቢና አታሚ በአንድ ጣራ ሥር ሊገናኙ ችለዋል። ሆኖም የዛሬው ተማሪ በላቲን ሕግ ብቻ ሠልጥኖ ከወጣ፣ እያነበበ እንደማያነብ አታሚ ሆኖ ያንኑ አሮጌ መለያየት ይመልሰዋል።

መሣሪያ የለንም የሚል ምክንያት ዛሬ አይሠራም። ፊደላችን በ1999 በዩኒኮድ ሦስተኛ ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። ጆን ሃድሰን የነደፉት ኒያላ ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር ወጥቷል፤ ጄሬሚ ሆርኑስ የነደፉት ከፋ በአፕል ኮምፒዩተሮች ላይ ይገኛል፤ ሌሎችም በነጻ የሚታደሉ አሉ። እነዚህን የነደፉ የውጭ አገር ሰዎች የፊደሉን ጠባይ ተቀምጠው ማጥናት ነበረባቸው። ባዕድ ያጠናውን የአገር ልጅ ሳያጠና ቢቀር ምን ይባላል?

ሁለት ተቃውሞዎች እንደሚነሡ እናውቃለን። አንዳንዶች የታይፖግራፊ መሠረቱ ለዓለም ሁሉ አንድ ነው ይላሉ። ዋናው ከተከታዩ ተለይቶ ይታይ፣ ባዶ ቦታ እንደ ቀለሙ ይታሰብበት፣ አንባቢ አይድከም የሚሉት ትእዛዛት በርግጥ የሁሉ ናቸው። ስሞቹና ልኮቹ ግን የላቲን ናቸው። ሌሎች ደግሞ የውጭው መጽሐፍ ይቅርና ፊደላችንን እንደ ሥዕል እንያዘው ይላሉ፤ ፊደልን የሥዕሉ አካል አድርጎ በአሜሪካ ታላቅ ስም ያተረፈውን ሠዓሊ ወሰኔ ኮስሮፍንም ምስክር ይጠራሉ። የወሰኔን ሥራ እናደንቃለን። ሆኖም በሸራ ላይ ያለ ፊደል ባይነበብም ያምራል፤ በመድኃኒት ማሸጊያ ላይ ያለ ፊደል ካልተነበበ ሰው ይጐዳል። የሠዓሊው ነጻነት ለዲዛይነሩ አልተሰጠም።

እንግዲህ በበኩላችን የምናቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው። የላፕተን ሥርዓት፣ ማለትም ፊደል፣ ጽሑፍና መረብ፣ እንዳለ ይወሰድ፤ በውስጡ ያለው ግን ይለወጥ። በፊደል ትምህርት ተማሪው ከኮምፒዩተር በፊት መቃ ብዕር ይዞ ቁም ጽሕፈት ይለማመድ፤ አንድን ረድፍ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ሠርቶ ቅጥልን፣ እግርንና ቀለበትን በስማቸው ይወቅ። በጽሑፍ ትምህርት አንዱን አንቀጽ በሦስት መጠንና በሦስት የመሥመር ርቀት አዘጋጅቶ፣ ለሕፃን፣ ለጐልማሳና ለሽማግሌ አስነብቦ፣ የት ላይ እንደሚደናቀፉ ይመዝግብ። በመረብ ትምህርት አንድ የብራና ገጽ ለክቶ በዚያው ልክ ዘመናዊ ገጽ ያዘጋጅ። የላቲኑ ትምህርት ከዚህ በኋላ ይምጣ፤ ያን ጊዜ ተማሪው ሁለቱን ፊደላት በአንድ ገጽ ላይ ማስማማት ይችላል፤ ይህም በአገራችን የዕለት ተዕለት ሥራ ነው።

ይህን የምንለው ገና በመማር ላይ ያለን ስንሆን፣ አንዳንዱ ሐሳባችን በሥራ ሲፈተን ሊታረም እንደሚችል አንስተውም። ነገር ግን ለአማርኛ የሚስማማው የመሥመር ርቀት ስንት ነው፣ የመሥመሩስ ርዝመት ስንት ፊደል ይሁን ለሚሉት ጥያቄዎች ከውጭ መጽሐፍ መልስ መጠበቅ አይገባንም። በጉዳዩ የሚያስቡ መምህራንና ተማሪዎች የሞከሩትንና የለኩትን በዚሁ መጽሔት እንዲያቀርቡ በትሕትና እንጠይቃለን።